ከላይ በትልቁ ይጻፍልኝ

«ውድ ቤተሰቦቻችን፣ 10ሺ ስለገባን እንኳን ደስ አላችሁ!» የሚል መልእክት ያልደረሰው የቴሌግራም ተጠቃሚ ካለ እጁን ያውጣ። እኔማ ስንቱን ቻናል 10ሺ እንዳስገባሁ አላውቅም። ማን እንደጨመረኝ እንኳ የማላስታውሰው ቻናል የኬክ ስዕል ለጥፎ ደስታውን ያካፍለኛል። አሜን ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

የቁጥር ፍቅር የእኛ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2009 ተዋናዩ አሽተን ኩቸርና ሲኤንኤን ትዊተር ላይ ማን ቀድሞ 1 ሚሊዮን ተከታይ እንደሚያገኝ ተሽቀዳድመው ነበር። ኩቸር ቀደመ። ዓለምን የሚያዳርስ የዜና ጣቢያ በአንድ ተዋናይ መቀደሙ ራሱ ዜና ሆነ። ያን ጊዜ በሰፈራችን ትዊተር ምን እንደሆነ የሚያውቅ ከነበረ በጣት የሚቆጠር ነው። ዛሬ ግን ጁስ ቤታችን ሳይቀር የቲክቶክ ተከታዮቹን ብዛት ግድግዳው ላይ ጽፏል። የጻፈው በዘይት ቀለም ስለሆነ ተከታዩ ጨመረም ቀነሰም ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ ዘዴ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የአክስቴ ልጅ ግን የቀለሙ ዘዴ አይበቃትም። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ቀሚስ ትሸጣለች፣ ድረ ገጽም አላት። ድረ ገጹን የሠራሁላት እኔ ነኝ፤ ክፍያው ምሳ ነበር። «ተከታዮቼ ስንት እንደደረሱ ከላይ በትልቁ ይጻፍልኝ፤ የፌስቡኩም፣ የኢንስታግራሙም፣ የቴሌግራሙም፣ የዩቲዩቡም ተደምሮ! ራሱ እየቆጠረ ይቀያየር» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ሰው እንዲያምነኝ ነዋ!» ብላ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው።

እንዲህ ያለው ቆጣሪ ሥራው ልመና ነው። ኮዱ በየጊዜው የየኩባንያውን ደጅ እያንኳኳ «የዚህች ልጅ ተከታይ ስንት ደረሰ?» ይላል። ቴሌግራም ደግ ነው፤ ቦት ከላክህበት ወዲያው ይነግርሃል። ዩቲዩብ ግን እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ትልልቅ ቁጥሮችን እየሸረፈ ነው የሚሰጠው፤ 9,999 ሰብስክራይበር ላለው ሰው ኮዱ ይዞ የሚመለሰው 9,990 ነው። ዘጠኙ ሰዎች የት እንደገቡ አትጠይቁኝ። ኢንስታግራም ደግሞ ቶክን የሚባል ቁልፍ ይሰጥሃል፤ የቁልፉ ዕድሜ 60 ቀን ነው፤ ሳታሳድሰው ካለፈ ደጅ ትቀራለህ። ቶሎ ቶሎ ብትመላለስም ይሰለቹህና መልስ ይነፍጉሃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተነገረህን ይዘህ ለሰዓት ያህል እሱኑ እያሳየህ ትቆያለህ።

መልስ ሲጠፋ ነው ጉዱ። አብዛኛው ድረ ገጽ የሚሠራበት ፒኤችፒ የሚባል የኮድ ቋንቋ ባዶ መልስ ተሰጥቶት «ይህን ቁጥር አድርገው» ሲባል ሳያቅማማ 0 ይላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ትዊተር ያለ ቁልፍ ለሚጠይቅ አልመልስም ሲል በነጻ ይጠይቁ የነበሩ ቆጣሪዎች ሁሉ ቀጥ አሉ። ትናንት በሺህ ሲመጻደቅ የነበረ ሰው ማልዶ ሲነሳ፣ በዚያው በትልቁ ፊደል፣ «0 ተከታዮች»! ለዚህ ነው ኮድ የሚያውቅ ሰው «መልስ ከጠፋ የመጨረሻው የታወቀ ቁጥር ይቆይ» የምትል መስመር የሚጨምረው። ይቺ መስመር ካለች ገጽህ ቢዘጋ እንኳ ክብርህ አይነካም። ዞሮ ዞሮ ከዘይት ቀለሙ ጋር ተገናኘን ማለት ነው።

ድምሩ ደግሞ የባሰ ነው። አክስቴ የልጃቸውን ፌስቡክ ይከተላሉ፤ ኢንስታግራሟንም፣ ቴሌግራሟንም፣ ዩቲዩቧንም። ስልክ በቀየሩ ቁጥር የይለፍ ቃሉ ስለሚጠፋባቸው የልጅ ልጆቻቸው አዲስ አካውንት ይከፍቱላቸዋል፤ አሮጌው ግን መከተሉን አላቆመም። በአንዱ አካውንት ፎቶው ጽጌረዳ ነው፣ በሌላው የልጅ ልጃቸው የምርቃት ፎቶ፣ በሌላው አውራ ጣታቸው ካሜራውን ሸፍኖታል። ድምሩ ሲወጣ አክስቴ ብቻቸውን አንድ እድር ያቋቁማሉ። ከዚህ ሁሉ ተከታይ ግን አንዱም ቀሚስ ገዝቶ አያውቅም፤ ልጃቸው በነጻ ነው የምታለብሳቸው።

«እናትሽን ደጋግመን ቆጥረናቸዋል» ብላት፣

«ታዲያ በሁሉም ያዩኝ የለም እንዴ?» አለችኝ። ምን ይመለስላታል?

ቁጥሩ የእሷ አለመሆኑንም አልነገርኳት። ባለቤቶቹ ኩባንያዎች ያሻቸው ቀን ይቀንሱታል። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ኢንስታግራም የሐሰት አካውንቶችን ሲጠርግ ጀስቲን ቢበር ከ3 ሚሊዮን በላይ ተከታይ አጥቷል። ከእሱ ይበልጥ የጎደለበት ደግሞ የኢንስታግራም የራሱ ገጽ ነበር፤ ጠራጊው ራሱን በሚሊዮኖች ጠረገ። ትዊተርም እ.ኤ.አ. በ2018 ተመሳሳይ ጽዳት አካሂዶ ታዋቂዎቹን አስደንግጧል። አክስቴ ያን ጊዜ የልጃቸውን ገጽ ቢከተሉ ኖሮ አውራ ጣታቸው ለመጥረጊያው የመጀመሪያው እጩ ይሆን ነበር።

ቆጣሪው ተሠርቷል፤ ያምራልም፤ ቁጥሩ ከዜሮ ተነስቶ እየተሽከረከረ ይወጣል። ከሥሩ የቀሚሶቹ ፎቶዎች ተደርድረዋል። ጥልፉ በቅርበት ይታያል፣ የሸማኔው እጅ ሥራ አፍ ያስከፍታል። በፎቶዎቹ ሥር ደንበኞች የጻፉት ይነበባል፦ «ዋጋ?» «ዋጋው ስንት ነው?» «ፕራይስ ፕሊዝ» «እባክሽ ዋጋ ንገሪን»። ለሁሉም የተሰጠው መልስ አንድ ነው፦ «በውስጥ መስመር ያናግሩን»።

እስካሁን «ተከታይሽ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀ ደንበኛ አልተገኘም። እና የጥልፍም፣ የጫማም፣ የሶፋም ነጋዴዎች፣ ያልተጠየቀውን ቁጥር እንደፈለጋችሁ ስቀሉት፤ የተጠየቀውን ግን ጻፉልን። ዋጋ ለመጻፍ ኮድ አያስፈልግም።