የሌፕረኮኖችን ክብርና ወርቅ ለመጠበቅ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በአየርላንድ፣ ከካርሊንግፎርድ ከተማ ራስጌ በስሊቭ ፎይ ተራራ የሚኖሩት፣ «ቁጥራቸው 236 ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግም ተከልለዋል» እየተባለ ለአገር ጎብኚ የሚወራላቸው ሌፕረኮኖች፣ ትዕግሥታቸው ከቁመታቸውም ስላጠረ የሚከተለው ታውጇል።

ሌፕረኮን በአፈ ታሪክ ከሌሎች ረቂቅ ፍጡራን ተለይቶ ብቻውን የሚኖር ጫማ ሰፊ ነው። ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጦ፣ ወስፌና መዶሻውን ይዞ የሚታየው ከጥንዱ አንደኛውን ጫማ ብቻ ሲሠራ ነው (ሌላኛውን ማን እንደሚሰፋው ሕግ አውጪውም አልደረሰበትም)። ወርቁም የእጁ ዋጋና በጦርነት ዘመን ተቀብሮ የቀረ ሀብት እንጂ የሎተሪ ዕጣ አይደለም። ይህ እየታወቀ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ የወጣው ላኪ ቻርምስ የተባለ የአሜሪካ የቁርስ እህል መልኩን ካርቶን ላይ ለጥፎ የልጆች አጫዋች አድርጎታል። ባለሙያን ያለ ሙያው መቅጠር ከዛሬ ጀምሮ ክልክል ነው።

አለባበስን በሚመለከት፦ ሳሙኤል ላቨር እ.ኤ.አ. በ1831 ሲጽፍ ያለበሰው በወርቅ ጥልፍ ያጌጠ ቀይ ኮት ነው። አረንጓዴው ኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ማርች 17፣ በቅዱስ ፓትሪክ በዓል፣ አረንጓዴ ባርኔጣ ደፍቶና ቀይ ፂም ለጥፎ «ሌፕረኮን ነኝ» የሚል ጎረምሳ ሁሉ ቢያንስ አንድ ሶል መምታት መቻሉን በምስክር ያረጋግጥ።

ወርቅ ፍለጋ ሰፋ ያለ ድንጋጌ አስፈልጎታል። በሰፊው በሚነገረው ተረት አንድ ሰው ሌፕረኮን ይይዝና፣ ዓይኑን ሳይነቅል ሀብቱ የተቀበረበትን ቁጥቋጦ ያስጠቁመዋል። አካፋ ስላልያዘ ቀይ የካልሲ ማሰሪያውን ፈትቶ ቁጥቋጦው ላይ ይቋጥራል፤ «እንዳትፈታት» ብሎም ያስምለዋል። ሌፕረኮኑ ይምላል፤ ቃሉንም ይጠብቃል። ሰውዬው አካፋውን ተሸክሞ እያለከለከ ሲመለስ ግን በማሳው ላይ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ልክ እንደዚያች ያለ ቀይ ማሰሪያ ታስሮበታል። በዚህ ነገር የሐሰት መሐላ ክስ ማቅረብ አይቻልም፤ የታሰረችው አልተፈታችምና።

እ.ኤ.አ. በ2016 አየርላንድ «ኢኮኖሚዬ ባለፈው ዓመት 26.3 በመቶ አደገ» ብላ ስታስታውቅ፣ ኢኮኖሚስቱ ፖል ክሩግማን ነገሩን «የሌፕረኮን ኢኮኖሚክስ» ብሎ ተሳለቀበት። ቁጥሩን ያሳበጠው ግዙፍ የውጭ ኩባንያዎች የአእምሯዊ ንብረታቸውን በወረቀት ወደዚያች አገር ማዛወራቸው ነበር። ሌፕረኮኖች እጃቸው የለበትም። የእነሱ ሀብት ሌላው ቢቀር በአካፋ ይፈለጋል።

ይህን አዋጅ የሚቃረን ማናቸውም ልማድ፣ ካርቶንና ባርኔጣ ተፈጻሚነት አይኖረውም። ሌፕረኮን ሁለት ከረጢት ይይዛል ይባላል፤ በአንደኛው ተከፍላ ወደ ባለቤቷ የምትመለስ የብር ሽልንግ፣ በሁለተኛው ከእጁ እንደወጣች ቅጠል ወይም አመድ የምትሆን የወርቅ ሳንቲም አለች። በአዋጁ ተጎዳሁ የሚል ሁሉ አቤቱታውን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ካሣው ከሁለተኛው ከረጢት ይከፈለዋል።