የመቻቻል ርቀት፦ በሩቁ ስለ መከባበር የተደረገ ጥናት

የሐሳብ ልዩነት በአገራችን ጠላት የለውም። ባለሥልጣኑ፣ ተቃዋሚው፣ የታክሲ ረዳቱ፣ የእድሩ ዳኛ፣ ሁሉም «እኔ በሐሳብ ልዩነት አምናለሁ» ይላል። «አላምንም» ያለ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሁሉም እያመነበት ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ነገር ለተመራማሪ ያጓጓል፤ ይህ ጥናትም የተነሣው ከዚሁ ጉጉት ነው።

ጥናቱ የተካሄደው ቡና በሚፈላበት፣ ለቅሶ በሚደረስበትና የታክሲ ሰልፍ በሚረዝምበት ቦታ ሁሉ ነው። ተጠኚዎቹ እየተጠኑ መሆናቸው አልተነገራቸውም። ቢነገራቸው ኖሮ የሚያነሡት ጥያቄ አንድ ብቻ እንደሚሆን ከወዲሁ የታወቀ ነበር፦ «ማን ልኮህ ነው?»

ዋናው ግኝት ባጭሩ ይህ ነው። መቻቻል ከርቀት ጋር አብሮ ያድጋል። ሐሳቡ በራቀን መጠን እናከብረዋለን፣ በቀረበን መጠን እንጠረጥረዋለን። የኖርዌይ ሕዝብ የአውሮፓን ማኅበር ልቀላቀል አልቀላቀል ብሎ በ1972 እና በ1994 እ.ኤ.አ. ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጥቶ፣ ሁለቱንም ጊዜ «እንቢ» ማለቱ ለተጠኚዎች ተነገራቸው። ሁሉም በጥሞና አዳመጡ። «ሁለቱም ወገን የራሱ እውነት አለው» አሉ፤ አንዳንዶቹም ስለ ዓሣ ማጥመድ ጠየቁ። ጉዳዩ ወደ ጎረቤት አገር ሲመጣ ድምፃቸው ትንሽ ከፍ አለ። ወደ አገር ቤት ሲገባ ስኒው ተቀመጠ። በመጨረሻ ከአሥር ነገር በዘጠኙ ከእነሱ ጋር ስለሚስማማ የአጎት ልጅ ሲጠየቁ ግን፣ ስለ ዘጠኙ አንድም ቃል የተነፈሰ አልነበረም። ስለ አሥረኛው «መቼም በነፃ እንዲህ አይልም» ተባለ።

ይህን ሕግ አንድ እንቅፋት ገጥሞታል። እንግሊዝ ከኖርዌይ ብዙም አይቀርበንም፤ ሆኖም የአርሰናልና የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች መርካቶ ላይ ሆነው የሚለዋወጡት ቃል በርቀት ሕግ አይገለጽም። ይህ ማስረጃ ጥናቱን ስለሚያበላሽ ከጥናቱ ወጥቷል። በምሁራን ዘንድ የተለመደ አሠራር ነው።

የግኝቱ ጠንካራ ማስረጃ የሚገኘው ካለፈው ታሪካችን ነው። መኢሶን በ1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ፣ ኢሕአፓ በ1964 ዓ.ም. በርሊን ተመሠረቱ። የሁለቱም መሥራቾች የአንድ የተማሪ ንቅናቄ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ማርክሳዊ ሌኒናዊ፣ ሁለቱም ንጉሡን የሚቃወሙ፣ ሁለቱም በ1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የተሰማው «መሬት ለአራሹ» ወራሾች ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ የተለያዩት ደርግን ምን እናድርገው በሚለው ላይ ነው። ኢሕአፓ «ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት» አለ፤ መኢሶን «ሒሳዊ ድጋፍ» አለ። ኢሕአፓ በ«ዴሞክራሲያ»፣ መኢሶን በ«የሰፊው ሕዝብ ድምፅ» ጻፉ። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ክርክሩ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ጸሐፊዎቹ በብዕር ስም ተሸፍነው፣ ከአንዱ ሌኒን ለየራሳቸው የሚሆነውን እየጠቀሱ ተከራከሩ።

ተመራማሪን የሚያስደስተው የክርክሩ ርእስ ነው። የተከራከሩት ዴሞክራሲ ወሰን ይኑረው አይኑረው በሚለው ነበር፤ ማለትም ለተቃራኒ ሐሳብ ምን ያህል ቦታ ይሰጥ ብለው። አንደኛው ወገን ያለ ገደብ ይሁን አለ፣ ሌላው ለጭቁኑ እንጂ ለአድኃሪው አይሁን አለ። በዚህ መካከል አንዱ ሌላውን «ባንዳ» ብሎ ጠራ፣ ሌላውም «አናርኪስት» ብሎ መለሰ። ከስም መጠራራቱ ወደ ጥይት የነበረው መንገድ አጭር ነበር። ደርግ ክርክሩን ከዳር ሆኖ ተከታትሏል፤ የማንንም አቋም ግን አልወሰደም፣ የሁለቱንም ሰዎች ወሰደ። መጀመሪያ አንደኛውን በሌላው እገዛ፣ ከዚያ በ1969 ዓ.ም. ክረምት መኢሶንም ከደርግ ተለይቶ ኅቡዕ ሲገባ ሁለተኛውን። እናቶች ልጆቻቸውን ሲፈልጉ በየትኛው ገጽ ላይ እንደተለያዩ አልጠየቁም።

ታሪኩ እዚህ አያበቃም፤ ጥናቱም ያለ ቀጣዩ ሐረግ ጎደሎ ይሆን ነበር። በ1995 ዓ.ም. በውጭ አገር «ኅብረት» የተባለው የተቃዋሚዎች ጥምረት ሲቋቋም ኢሕአፓም መኢሶንም ከአባላቱ መካከል ነበሩ። በአንድ ጣራ ሥር፣ በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ። ለመታረቅ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ጊዜና የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት አስፈልጓል፤ ሊካፈሉት የሚችሉት ሥልጣን አለመኖሩም ሳይረዳቸው አልቀረም።

እዚህ ላይ አንድ ተስፋ የሚሰጥ መላ ምት ቀርቦ ነበር። መቻቻል ከርቀት ጋር የሚያድግ ከሆነ፣ ከአገር የራቀ ሰው ይበልጥ መቻቻል አለበት። መላ ምቱ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሲፈተሽ ወደቀ፤ ሰዉ ሲሄድ ቅርበቱን ይዞ ሄዷል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ በአገር ቤትና በስደት ተከፍሎ በነበረበት ዘመን፣ ማለትም እስከ ሐምሌ 2010 ዓ.ም. የዋሽንግተን ዕርቅ ድረስ፣ በውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎች ሦስት ዓይነት ነበሩ፦ በአገር ቤቱ ሲኖዶስ ሥር ያሉ፣ በስደተኛው ሲኖዶስ ሥር ያሉ፣ ከሁለቱም ያልሆኑ «ገለልተኞች»። ቅዳሴው አንድ፣ ጾሙ አንድ፣ ዕጣኑም አንድ ነበር። ገለልተኝነት ግን በአጭር ጊዜ ሦስተኛ ወገን ሆነ፤ ገለልተኛው ወደ ሌላ አጥቢያ ሲሄድ ከማን እንደሆነ ይጠየቅ፣ «ከማንም» ሲል «እሱማ የእነሱ ነው» ይባል ነበር።

በ1984 እ.ኤ.አ. በሂዩስተን የተጀመረው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓልም በ2012 እ.ኤ.አ. ከሁለት ተሰነጠቀ፤ በአንድ ክረምት አንዱ ዳላስ፣ አንዱ ዋሽንግተን ሆነ። በኦፍሳይድ ሕግ ላይ የአቋም ልዩነት እንዳልነበራቸው በጥንቃቄ ተረጋግጧል። በሁለቱም ሜዳ ጥብስ ተሸጠ፣ በሁለቱም የጥላሁን ዘፈን ተሰማ።

ይህ ሁሉ ሥረ ምክንያት አለው የሚል ሰው ይኖራል። ሄንሪ ታይፌል የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1971 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው ሥራ በእንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ የሚኖሩ 14 እና 15 ዓመት የሆናቸውን ተማሪዎች በሁለት ከፈለ። «እናንተ የክሌን ሥዕል የምትወዱ፣ እናንተ የካንዲንስኪን» አላቸው፤ ክፍፍሉ እውነቱን ለመናገር ዕጣ ነበር። ከዚያ ለማያውቁት የራሳቸውና የሌላው ቡድን አባል ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ ሰጣቸው። ልጆቹ ለራሳቸው ወገን አደሉ፤ ይህ አያስገርምም። የሚያስገርመው ለራሳቸው ወገን የሚደርሰው ገንዘብ ቢቀንስም እንኳ ከሌላው የሚበልጥበት ልዩነት ሰፊ እንዲሆን ብዙ ጊዜ መምረጣቸው ነው። እኛ ይህን ለማወቅ ክሌም ካንዲንስኪም አላስፈለጉንም። ጎረቤቱ ሁለቱ ዓይኖቹ እንዲጠፉ የራሱን አንድ ዓይን አጥፉልኝ ያለውን ሰው ተረት አያቶቻችን ያለ ምንም የምርምር በጀት ደርሰውበታል።

በመለኪያ መሣሪያ በኩልም አገራችን ከዓለም አታንስም። ሌላ ቦታ የሰውን አቋም ለማወቅ ሐሳቡን መስማት ያስፈልጋል። እኛ ዘንድ ስሙ ይጠየቃል፤ ካልበቃ የአባቱ ስም፤ ካልበቃ «ትውልድህ ወዴት ነው?» ይከተላል። ከዚህ በኋላ ሐሳቡን መስማት ጊዜ ማባከን ነው። ተናጋሪው ንግግሩን ሊቀጥል ይችላል፣ ማንም አይከለክለውም፤ አድማጩ ግን መልሱን ይዞ ተቀምጧል። የቅልቅል ጋብቻ ልጆች ይህን መሣሪያ ክፉኛ ያበላሹታል። አባቱ ከአንዱ፣ እናቱ ከሌላው የሆነ ሰው ሁለቱም ወገን በየተራ የሚያስረዱት፣ ማንም የማያምነው ሰው ነው።

ለሌላው ሐሳብ ቦታ አለመስጠታቸውን በፍልስፍና ማስደገፍ የሚወዱ ደግሞ ካርል ፖፐርን ይጠራሉ። ፖፐር በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ገደብ የሌለው መቻቻል መቻቻልን ራሱን ያጠፋል ብሎ ጽፏል። ይህን ያሰፈረው በዋናው ጽሑፍ ሳይሆን በማስታወሻው ክፍል ውስጥ ነው፤ ወዲያውም በክርክር ልንረታቸው እስከቻልን ድረስ ማፈን ብልህነት አይደለም የሚል ጨምሮበታል። ተጠኚዎቻችን የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር በቃላቸው ይዘውታል። ሁለተኛው ዘንድ የደረሰ አልተገኘም። የማይቻቻለው ሁልጊዜ ያኛው ወገን ስለሆነ፣ ፖፐር ሁልጊዜ ከተናጋሪው ጋር ይቆማል፤ በአንድ ቡና ላይ ሁለት ጊዜ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲቆም ታይቷል።

ለፍትሐዊነት ሲባል መቻቻል በትክክል የሚሠራበት አንድ ቦታ መመዝገብ አለበት፤ እድር ነው። በድንኳኑ ውስጥ ባለፈው ሳምንት የተሰዳደቡ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆሎ ይቀባበላሉ። ፍቅር ጎትቶ ያመጣቸው የሚመስለው ይኖር ይሆናል፤ የቀረ ሰው ግን ይቀጣል፣ ደጋግሞ የቀረ ይሰረዛል፣ የተሰረዘ ሰው ቤት ደግሞ ሞት ሲገባ ድንኳን የሚተክል የለም። የእድር መዝገብ ላይ ስም፣ መዋጮና ቅጣት አለ። የአቋም ረድፍ የለም። ይህን አሠራር ለምክር ቤት እናውሰው የሚል ሐሳብ ለአንድ አዋቂ ቀርቦላቸው «ቅጣቱን ማን ይሰበስባል?» ብለው ጠየቁ፤ ስብሰባው እዚያው ላይ ተበተነ።

ጥናቱ ከመታተሙ በፊት እንደ ወጉ ለሁለት ገምጋሚዎች፣ ከሁለት ወገን፣ ተልኳል። የመጀመሪያው ጽሑፉ ለእነዚያ ያደላ ነውና ይቃጠል ብለው መለሱ። ሁለተኛው ገና ሳይጀምሩት የመጀመሪያው ምን እንዳሉ ጠየቁ፤ ተነገራቸው። «እንግዲያው ድንቅ ሥራ ነው» ብለው ፈረሙ።