ፋክስ ብቻ የሚያስገባ አጋፋሪ

ጎሬ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ውጭ አገር ከተሰደዱ በኋላ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ለመሩት ጊዜያዊ መንግሥት መቀመጫ የነበረች፣ ኋላም የኢሉባቦርን ርእሰ ከተማነት ለመቱ ያስረከበች ባለታሪክ ከተማ ስትሆን፣ እኔ ጸሐፊ ሆኜ በምሠራበት የቡና ነጋዴ ቤት ግን የነበረን ንብረት አንድ የስልክ መስመርና አንድ ሞደም ነበር። የቡናው ዋጋ ከአዲስ አበባ በፋክስ ይመጣልና አለቃዬ አንድ ቀን፣ «ይህ ዕቃ ፋክስ ሲሆን ብቻ ያንሣ፤ ሰው ሲሆን ዝም ይበል» ብለው አዘዙኝ።

ሞደም የሚታዘዘው በጽሕፈት ነው። «ኤቲ» ብሎ በሚጀምር ትእዛዝ የፋክስ ክላሱን ሁለት አድርጌ የዳታውን በር ዘጋሁበት፤ ቀጥሎም «ኤስ ዜሮ» የሚባለውን መዝገቡን ከዜሮ ወደ ሁለት ከፍ አድርጌ፣ ደወሉ ሁለት ጊዜ ሲያቃጭል እንዲያነሣ አጋፋሪነት ሾምሁት።

ዳሩ ግን የፋክስም የሰውም ጥሪ ደወሉ አንድ ነው። ደዋዩ ፋክስ መሆኑ የሚታወቀው መስመሩ ከተነሣ በኋላ፣ ግማሽ ሰኮንድ ጮኻ ሦስት ሰኮንድ ዝም የምትል የ1100 ኸርዝ ፉጨት ስትሰማ ነውና፣ ምስኪኑ አጋፋሪ እንግዳው ማን እንደ ሆነ ለመለየት አስቀድሞ በሩን መክፈት ግድ ሆነበት። በከፈተም ጊዜ ለመጣው ሁሉ ያለ አድልዎ በ2100 ኸርዝ ይጮኽበታል።

ይህ ጩኸት ከደረሰባቸው አንዷ ከመቱ የደወሉት የአለቃዬ እናት ነበሩ። በስመ አብ ብለው ዘጉና በነጋታው ጎሬ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ ቤትህ ምን አስገብተህ ነው? ጠበል አስረጭ እንጂ!»

«እማዬ፣ ፋክስ ነው እኮ።»

«ስሙንም አልወደድሁት።»

በምኒልክ ዘመን ካህናቱ ስልክን የአጋንንት ድምፅ ብለውት ነበር ይባላልና ሴትዮዋ ብቻቸውን አልነበሩም። እኔም ለማጽናናት ያህል፣ ጽሕፈትንና ሥዕልን በሽቦ የሚያስተላልፈውን ፓንቴሌግራፍ የፈለሰፈው ጆቫኒ ካዜሊ ካህን እንደ ነበረ፣ መሣሪያውም በ1865 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ ወደ ሊዮን አገልግሎት እንደ ጀመረ በትሕትና አስረዳኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ካቶሊክ ነዋ!» ብለው ክርክሩን ፈጸሙት።

አለቃዬም ከእናታቸው ምርቃትና ከቡናው ዋጋ የቱን እንደሚመርጡ ሲያመነቱ ሰነበቱ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መስመርህ አንድ ከሆነ «ኤስ ዜሮ»ን ወደ ዜሮ መልሰህ ስልኩን በገዛ እጅህ አንሣ፤ ለ«ሃሎ»ህ የምትመልስልህ ያች ፉጨት ከሆነች «ኤቲኤ» ብለህ ለሞደሙ ልቀቅለት፣ ሰው ከሆነ ግን እንደ ወጉ ጤና ይስጥልኝ በል። ፋክስ ብቻ የሚቀበል ሞደም የሚሻ ሰው ቁጥሩን ለዘመድ የማይሰጠው ሁለተኛ መስመር ያስገባ፤ እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው።