ድርቁ የታለ?

መጽሐፍ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ግሪን ሃውስ ውስጥ በገመድ ታስሮ ሽቅብ የሚያድግ ቲማቲም በየዘለላው ስምንት ዘጠኝ ፍሬ ሲቋጥር፣ ገና አተር አተር ሲያክሉ አራት አምስቱን አስቀርተህ ጫፍ ጫፍ ያሉትን ቅጠፋቸው ይላል። የቀሩት ይፋፋሉ፣ መጠናቸውም ይቀራረባል። መጽሐፉን የጻፉት ሰዎች ግን ጅግጅጋ ጎረቤት የላቸውም።

ጎረቤቴ ኢዶ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን አስግገው የቀጠፍኳቸውን ፍሬዎች የያዘውን ባልዲዬን አዩ። ጣቶቼ በሳሙና በቀላሉ በማይለቅ አረንጓዴ ቅባት ተለቅልቀዋል።

«ልጄ፣ ምን በደሉህ?»

«ኢዶ፣ የቀሩት እንዲወፍሩ ብዬ ነው።»

«ወላሂ? እኛም ድርቅ ሲጠና ግልገሉን አርደን እናቲቱን እናተርፋለን። አንተ ግን ጠዋት ማታ ውሃ ታጠጣለህ። ድርቁ የታለ?»

ቲማቲም ተክለው የማያውቁት ሴትዮ ዋናውን ነጥብ መቱት። ተክሉ ፍሬውን የሚቀልበው ቅጠሉ ባመረተው ልክ ነው፤ አፍ ሲበዛ ድርሻው ይቀንሳል፣ ሲያንስ ይጨምራል፤ ጠቅላላው ኪሎ ግን ብዙም ንቅንቅ አይልም። የሚያምረው ፍሬው እንጂ ሚዛኑ አይደለም። ከመልካሳ ምርምር ማዕከል የወጡት መልካ ሾላና መልካ ሳልሳ የተባሉት የቲማቲም ዝርያዎችማ ቁጥቋጧቸው አጭር፣ ፍሬያቸውም ለፋብሪካ ሳልሳ ጭምር የታሰበ ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ነፃ ናቸው።

እኛ ከተማ ደግሞ የቲማቲም የመጨረሻ ዕጣው ስጎ ነው። ሩዙም ባስታውም የሚጠብቀው እሱን ነው። ድስት ውስጥ ከገባ በኋላ ወፍራም ነበር ቀጭን ነበር ብሎ የሚጠይቅ አላጋጠመኝም። ቁመናውን የሚፈልጉት ሰላጣ ላይ ክብ ክብ እየቆረጡ የሚደረድሩት ሆቴሎች ናቸው፤ እነሱ ጨምረው ከከፈሉ ብቻ ቅጠፋው ድካሙን ይመልሳል።

ጉዳዩን ከሰዓት በርጫ ላይ አነሳሁት። አቦ፣ ምርቃናው ሲመጣ አግሮኖሚስት ያልሆነ አልነበረም! አንዱ በዘለላ ሦስት ይበቃል አለ፣ ሌላው አንድ ብቻ ትተን እንደ ሐብሐብ እናሳድገው። ሲመሽ ወደ ጅቡቲ ለምንልከው ጭነት በአይሱዙ ኪራይ እየተከራከርን ነበር። በማግስቱ ጠዋት አንድ ጄሪካን ውሃ የሚያቀብለኝ ሰው አጣሁ።

ለሆቴል የሚሄደውን መስመር ፍሬ እቀንሳለሁ፣ የቤቱን እንዳለ እተወዋለሁ። በየዘለላው አራት አስቀራለሁ፤ ኢዶ አጥሩ ላይ ካሉ ስድስት።