ግማሽ አጎበር

ባቱ፣ የቀድሞዋ ዝዋይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ከሐይቁ ዳር ተቀምጣለች። ወባ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በታች ያለውን አገር ከጥንት ጀምሮ ርስቷ አድርጋለች። እንግዲህ የተፋቱ ባልና ሚስት የልጃቸውን መኝታ ለሽማግሌ ቢያቀርቡ ማን ይፈርድባቸዋል?

አባት ሙቀቱን አስቦ ልጁን ግቢ ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ያስተኛዋል እንበል። ንጹሕ አየር! ዴንማርኮች በብርድ ወራት እንኳ ሕፃን ውጭ ያስተኛሉ፤ አሜሪካዊቷ ኤማ ሪድም እ.ኤ.አ. በ1923 ከመስኮት ውጭ ለሚንጠለጠል የሕፃን ማቆያ ሣጥን የፈጠራ መብት ተሰጥቷታል። ዴንማርክ ወባ እንደሌለባት ማንሳት ክርክር ማስረዘም ነው።

እናት፣ «ቤት ውስጥ ይተኛ» ትላለች። አጎበሩ ያለው እሷ ዘንድ ነው።

ሕጉ የጋራ ንብረት እኩል ይከፈል ይላል። እንዲያ ከሆነ አጎበሩም በመቀስ ለሁለት ይቆረጣል፦ ልጁ በእናቱ ሳምንት ከወገቡ በላይ፣ በአባቱ ሳምንት ከወገቡ በታች ይጠበቃል። የተረፈውን አካል የወባ ትንኝ፣ ለማንም ሳታዳላ፣ በየሌሊቱ ትጎበኘዋለች።

ሁለቱም ወገኖች በእርቁ ረክተዋል። መቀሱን ማን ይግዛ ለሚለው ግን ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ሰጥተዋል።