«እኔ እንኳ ለማንም አልወግንም»

ሚዛናዊ ውይይት አያስፈልግም የሚል ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ሚዛን የሚያዛባው ሁልጊዜ ሌላው ነው። «እኔ እንኳ ለማንም አልወግንም» ብሎ ወሬ የሚጀምር ሰው ሲያጋጥመኝ ወንበሬን አመቻችቼ እቀመጣለሁ፤ ቆይታው ረጅም እንደሚሆን አውቃለሁና።

የብርን ነገር እንይ። በጥቅምት 2010 ብሔራዊ ባንክ የብርን የምንዛሪ ዋጋ በ15 በመቶ ሲቀንስ፣ ከጀበና ቡና ቤት የማላጣው አንድ ሰው ስኒውን ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጎ «ድሃውን ገደሉት!» አለ። ዘይቱ፣ መድኃኒቱ፣ የልጆች ደብተር ሳይቀር ሊወደድ ነው። የመንግሥት ደጋፊ የሆነው ጓደኛው በትዕግሥት አስረዳው፦ ላኪው ይበረታታል፣ ዶላር ይገባል፣ ለአገር ሲባል ትንሽ መቻል ነው።

መንግሥት ተለወጠ፤ ሐምሌ 2016 መጣ። ብር ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን 74ን አለፈ፣ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ መቶን ተሻገረ። ሁለቱ ሰዎች ግን ያው ናቸው፤ ቡናውም ያው፣ ዋጋው ቢጨምርም። ያኔ ለድሃው ያለቀሰው አሁን ስለ ላኪው መበረታታት ያብራራል። ያኔ ስለ መቻል የሰበከው አሁን የዘይት ዋጋ እየጠራ ይጮኻል። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) እንኳ አልተረፈም፤ የአንዱ ጠላት አማካሪ፣ የሌላው አማካሪ ጠላት ሆነ። ክርክራቸውን ቃል በቃል ተዋዋሱ፣ ያውም ያለ ወለድ። በ15 በመቶ የተንገበገበ ሰው ብር ግማሽ ያህል ዋጋውን ሲያጣ እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደው እሱ ያውቃል። «ያኔ የት ነበርክ?» ይባባላሉ ደግሞ። እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነበራችኋ!

የእኛ ብቻ አመል እንዳይመስለን፣ እ.ኤ.አ. በ1985 የታተመ የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። የ1982ቱን የቤይሩት ጭፍጨፋ የሚመለከቱ የቴሌቪዥን ዘገባዎችን ለእስራኤልና ለአረቦች ደጋፊ ተማሪዎች አሳዩ። ያዩት አንድ ዓይነት ዘገባ ነው። ሁለቱም ወገኖች ግን «ለእነዚያ ያደላ ነው» አሉ። ጋዜጠኛው ያሳዝናል።

እኛ ዘንድ ደግሞ የመሀል ሰው ዕዳው የከፋ ነው፤ በደርግ ጊዜ «መሀል ሰፋሪ» መባል ቀላል ስድብ አልነበረም። ይህን እያወቅሁ አንድ ቀን አፌን ከፈትኩ። «ብር ሲወርድ ከውጭ የሚገባው ዕቃ ይወደዳል፤ ላኪው ደግሞ በብር የሚያገኘው ይጨምራል። ያኔም እንዲሁ ነበር፣ አሁንም እንዲሁ ነው» አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። በዚህ ሁሉ ዓመት ሲስማሙ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ የተስማሙበትም የሆነ ነገር ደብቄያለሁ በሚለው ነው።

«ለመሆኑ አባትህ የየት አገር ሰው ናቸው?» አለ አንደኛው።

«እዚሁ አዲስ አበባ ተወልደው ያደጉ።»

ሌላኛው ወንበሩን ወደ እኔ አስጠጋ። «አያትህስ?»