ኃይሌ በየትኛው «ሀ»?

ሰውየው አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሮጦ ይጨርሳል፤ የኛ ሰው ስሙን ጽፎ መጨረስ አቅቶት መንገድ ላይ ያቋርጣል። ኃይሌ ገ/ሥላሴ! ምን ማለት ነው «ገ» ብሎ እዝባር? ሒሳቡን ልሥራላችሁ። «ብረ»ን ትቶ ሁለት ፊደል ያድናል፤ በቦታዋ አንድ እዝባር ያወጣል። ትርፉ አንድ ፊደል። በአንድ ፊደል ማን ሀብታም ሆነ? ኃይሌ መስከረም 2001 ዓ.ም. በርሊን ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ጨረሰ። ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ያቺን አንዲት ሰከንድ ለማግኘት ስንት እንደለፋ አስቡት፤ እኛ ለእሱ አንድ ፊደል ሰሰትን። (ዘመኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የፈረንጁን የለመደ ሰባት ስምንት ይደምርበት፤ እኔ አልደምርለትም።)

እዝባሩስ ይሁን። ፊደሉስ? ኃይሌ የሚጻፈው በብዙኃኑ ኀ ነው፤ ኃይል ከሚለው ነዋ! ሥላሴ ደግሞ በንጉሡ ሠ። ይህን እኔ አላወጣሁትም። ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠን፣ በአለንጋ እየተዠለጥን የለየነው ነው፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ። አንዷን በአንዷ ቦታ ያስገባ ልጅ ጆሮው ቀልቶ ነበር ወደ ቤቱ የሚገባው። ዛሬ ባጃጅ ላይ፣ ካናቴራ ላይ፣ አጥር ላይ «ሀይሌ ገ/ስላሴ» የሚል ባየሁ ቁጥር ያ የልጅነት ጆሮዬ ይቆጠቁጠኛል። በአንድ ስም ሦስት በደል!

ታዲያ ይህ ትውልድ ፊደል አይችልም እንዳትሉኝ። እዚሁ ደባርቅ ኳስ በዲሽ የሚያሳዩ ቤቶች በራቸው ላይ የሚለጥፉትን ማስታወቂያ ሄዳችሁ እዩ። «ሌዋንዶውስኪ» ይላል፣ አንዲት ፊደል ሳትዛነፍ። ያንን ሲጽፍ ትንፋሹን ውጦ፣ ከስልኩ ላይ ሁለቴ ሦስቴ አመሳክሮ ነው። የራሱን ሰው ሲጽፍ ግን ወሬ እያወራ፣ ማስቲካ እያኘከ።

በቀደም አንድ ጭማቂ ቤት ግድግዳውን በጀግኖች ሥዕል ሊያሳምር ሠዓሊ አስመጣ። ልጁ እጁ ይባረክ፣ መልክ አይስትም። የብረት መሰላል ላይ ወጥቶ፣ የቀለም ጣሳውን በሽቦ አንጠልጥሎ፣ መጀመሪያ በጠመኔ መስመር ያወርድና ከዚያ በቀጭን ብሩሽ ይሞላዋል። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ከሥሩ ቆምሁ። አበበ ቢቂላን ሥሏል። ደረቱ ላይ 11 ቁጥር፣ እግሩ ላይ ነጭ ጫማ።

«ልጄ፣ ይህ የት ነው?»

«ሮም ነው፣ አባባ።»

«ሮም በባዶ እግሩ አይደለም እንዴ?»

«እንግዲያው ቶኪዮ ነው።»

«ቶኪዮ ቁጥሩ 17 ነበር።»

ብሩሹን ጣሳው ውስጥ እያማሰለ ትንሽ አሰበና «ጫማው ያምራል ብዬ ነው» አለኝ። ወይ ጉድ! ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር ቀኑ። እዚህ አገር ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ችቦ ሲበራ፣ እዚያ ሮም ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገዱን ሲያበሩለት፣ ያ ሰው በጥርብ ድንጋይ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ይህ ልጅ ጫማው ያምራል ይለኛል። ቆሜ አስወለቅሁት።

ጫማው ወልቆ ሳያልቅ ስሙን አየሁት፤ «አበበ ቢኪላ»። ቂን በኪ! ከየት አመጣኸው ብለው ከኢንተርኔት አለኝ። ገባኝ። ፈረንጅ «ቀ» የሚባል ፊደል ስለሌለው በ«ከ» ጻፈው፤ የኛ ልጅ ደግሞ የፈረንጁን አይቶ ወደ አማርኛ መለሰው። አበበን ወደ ውጭ ልከን ከኪ ጋር ተቀበልነው ማለት ነው። ነገ ቀነኒሳን «ከነኒሳ» ብለው ባይጽፉ ከምላሴ ፀጉር! ጥሩነሽም ወደ «ቲሩነሽ» እየተጠጋች ነው።

ወደ ኃይሌ ሲሻገር ግን ጠመኔው ሳይነሣ ደረስሁበት።

«በብዙኃኑ ጻፈው።»

«አባባ፣ ድምፁ እኮ አንድ ነው።»

«የአንተና የወንድምህም አፍንጫ አንድ ነው። ታዲያ በእሱ መታወቂያ ትሄዳለህ?»

ሣቀ፤ ግን ጻፈው። ባለቤቱ ለተጨማሪ ፊደል ተጨማሪ ሒሳብ ይጠየቅ እንደሆን ከውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጎ አይቶን ተመለሰ።

ፈረንጆቹማ ሌላ በደል አላቸው፤ ልጁን ትተው አባቱን ያወድሳሉ። ሮም ላይ የሮጠው አበበ ነው፤ ጋዜጦቻቸው «ቢቂላ አሸነፈ» አሉ። አባትየው አንድ እርምጃ ሳይሮጡ የኦሊምፒክ ባለ ድል ሆኑ! በ1997 ክረምት ሔልሲንኪ ላይ ደግሞ ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000ም በ10,000ም ሜትር ወርቅ ስትወስድ እኅቷ እጅጋየሁ በሁለቱም ሦስተኛ ወጣች። በእነሱ አጻጻፍ ዲባባ አንደኛ፣ ዲባባ ሦስተኛ። ሰውየው ራሱን በራሱ ቀደመ እንበል? ከሁሉም የባሰው አዲስ አበበ ነው። በ1984 ክረምት ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ ሲያገኝ ስሙን በላቲን ለሚያነብ ባዕድ ዋና ከተማችን ራሷ መም ላይ ወጥታ የሮጠች ነው የሚመስለው። በላይነህ ዴንሳሞን ደግሞ አንዱ ዲንሳሞ፣ አንዱ ዴንሲሞ ይለዋል። ሚያዝያ 1980 ሮተርዳም ላይ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የማራቶን ክብረ ወሰንን ዐሥር ዓመት ይዞ ኖረ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቁርጥ ያለ አጻጻፍ አላገኙለትም። የኃይሌንም ስም ገብረ ከሚለው አንዲቷን «ኤ» ነቅለው ጥለውለታል። እዝባር እንኳ አላደረጉላት!

እንደው ለፍርድ ያህል እነሱም የሚቸገሩበት አለ። አንድ የቦስተን ሰው ወደ ስሜን ተራሮች ሊወጣ መጥቶ፣ ስካውቱና ባለ በቅሎው እስኪዘጋጁ ድረስ በጋይዱ በኩል ወግ ያዝን። ፋጡማ ሮባን ያውቃታል። እንዴት አያውቃት! ከ1989 እስከ 1991 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከተማው መጥታ ማራቶኑን ወስዳበታለች። (ስሟን ግን «ፋቱማ» አለው፤ ዝም አልሁት፣ እንግዳ ነው።) እናንተስ አገር የሚያስቸግር ስም የለም ወይ ብዬ አስጠየቅሁት። ቤዝቦል በሚባለው ጨዋታቸው ለቦስተን 23 ዓመት የተጫወተ ካርል ያስትረምስኪ የሚባል ሰው ነበር አለኝ። ስሙን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ፤ 11 ፊደል ነው፣ ከመሐል አራቱ ያለ አናባቢ ተደርድረዋል፣ አንዷም ተጽፋ አትነበብም። የዚያ አገር ሕዝብ ሲጽፈው መከራውን ስለሚያይ «ያዝ» ብሎ አሳጠረው። ያዝ! ሥራውስ ምን ነበር አልሁ። ከሜዳው ጥግ ቆሞ እየበረረ የሚመጣውን ኳስ መያዝ ነው አለኝ። እኔና ባለ በቅሎው እንባችን እስኪወርድ ሣቅን፤ ፈረንጁ ምን እንዳሣቀን አልገባውም፣ ጋይዱም ሊያስረዳው ሞክሮ ተወው። ነገር ግን ይህን ልብ በሉ። በ1981 ዓ.ም. ኩፐርስታውን በሚባለው የዝና አዳራሻቸው ሲያስገቡት ነሐሱ ላይ 11ዱንም ፊደል ቀርጸውለታል። «ያዝ»ን እንደ ቁልምጫ ከጎኑ ነው ያስቀመጡት። እዝባር የለም።

የኛ ነገር ከሰው አልፎ ተራራ ደርሷል። በራችን ላይ ያለው የአገሪቱ ትልቁ ተራራ እስከ ዛሬ ስሙ አልለየለትም። አንዱ ራስ ደጀን ይላል፣ አንዱ ራስ ዳሸን። ባንኩና የጎንደሩ ቢራ ዳሸን ብለው ስለያዙ በብርና በመጠጥ በኩል ክርክሩ አልቋል፤ ደጀን የምንል ሰዎች እንግዲህ በደረቁ እንከራከራለን። ቁመቱንም እንደዚያው፣ በአንዱ መጽሐፍ 4,620፣ በሌላው 4,550፣ በሌላው 4,533 ሜትር ነው። ፊደል ያላከበረ ቁጥር ያከብራል ብዬ አልጠብቅም።

ወደ ጭማቂ ቤቱ ልመለስ፤ ዋናው ጦርነት እዚያ ነው የተነሣው። ሠዓሊው ምሩጽ ይፍጠርን ሣለ። ራሰ በራውን፣ አጭር ቁመናውን፣ ሐምሌ 1972 ሞስኮ ላይ በመጨረሻው ዙር ተፈትልኮ የወጣበትን አኳኋን፣ ሁሉንም አሳምሮ። «በየትኛው ጸ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀኝ። ልጁ ተምሯል! በጸሎቱ ጸ አልሁት፤ ጠመኔውን አነሣ። በዚህ መሐል የዳባቱ ወዳጄ ከሚኒባስ ወርዶ እህል ሊሸምት ወደ ገበያ ሲያልፍ አየንና ቆመ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ ነው፤ ፊደል ሲያይ ዝም ብሎ አያልፍም።

«በፀሐዩ ፀ ነው» አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ።

«በጸሎቱ ነው፣ አያ።»

«ጋዜጣው ሁሉ በፀሐዩ ነው የጻፈው።»

«ጋዜጣውማ ኃይሌንም በሃሌታው ጽፎታል!»

እሱ የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ጠራ፤ እኔ የየኔታን አለንጋ ጠራሁ። እሱ የሠላሳ ዓመት ፋይል ቆጠረ፤ እኔ ዳዊት መድገሜን አነሣሁ። ልብ በሉ፤ ምሩጽ የአዲግራት ሰው ነው፣ እኛ አንዳችን የደባርቅ አንዳችን የዳባት። ሰውየው በሕይወት ሳለ የዓለም ጋዜጠኛ ሁሉ ዕድሜህ ስንት ነው እያለ ሲጨቀጭቀው ኖረ፤ ካረፈ በኋላ ደግሞ በፊደሉ እኛ ተነሣንበት። ጭማቂ ሊጠጡ የመጡ ልጆች ከበቡን። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሊቀርጸን ሲል የዳባቱ ወዳጄ ባርኔጣውን አስተካከለ። የቤቱ ባለቤት መጥቶ «አባቶቼ፣ ደንበኛ መግቢያ አጣ» ቢለን «ስም ይቀድማል» ብለን በአንድ ድምፅ መለስንለት፤ በዚያ ቀን የተስማማነው በዚህ ብቻ ነው።

ሠዓሊው መሰላሉ ላይ እግሩ ሳይዝል አልቀረም። እኛ ስንሟገት እሱ ዝም ብሎ ጠመኔውን በእጅጌው ጠረገና «ማርሽ ቀያሪው» ብሎ ጻፈበት። አገር በሙሉ የሚጠራበት ቁልምጫ ነው፣ ምን ይባላል? የዳባቱ ወዳጄ ተጠግቶ አንድ በአንድ መረመረው፤ እንከን አላገኘበትም። እኔም አላገኘሁም። የቀረችው ደራርቱ ቱሉ ናት። ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ አጥልቃ፣ ባንዲራ ለብሳ። ሁለታችንም ለአዲስ ሙግት ተዘጋጅተን ወደ ግድግዳው ቀረብን። ልጁ በአንድ ትንፋሽ «ደራርቱ ቱሉ» ብሎ ጽፎ ወረደ። ሀ የለባት፣ ሠ የለባት፣ ጸ የለባት፣ ዐ የለባት። ደግመን ደጋግመን አየናት። አንድም የምታጣላ ፊደል አጣንባት፤ ሁለታችንም ቅር አለን።